የአዳማን ነፋስ መለካት፦ የመምህራን፣ የተማሪዎችና የወላጆች ጥያቄና መልስ

አዳማ ላይ የነፋስ እጥረት የለም፤ የሚያጥረው መዝጋቢ ነው። ፊዚክስ ሳስተምር የአየር ሁኔታ ክበብ እመራ ስለነበር፣ የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

መምህር፣ ከፕላስቲክ ብርጭቆ የሠራነው መለኪያ በሰከንድ 1.26 ሜትር ብቻ ይሰጠናል። ውጭ ግን ዛፉ ይወዛወዛል። የት ጋ ተሳሳትን?

ስሌታችሁ ትክክል ነው፤ ያሰላችሁት ግን የብርጭቆዎቹን ፍጥነት እንጂ የነፋሱን አይደለም። ክንዱ፣ ማለትም ከመሐሉ እስከ ብርጭቆው ያለው ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ዙር 1.26 ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር እናንተ ያገኛችሁት ቁጥር ይመጣል። ነፋሱ አንዱን ብርጭቆ በጎድጓዳው በኩል ሲገፋ፣ ማዶ ያለው በጀርባው ነፋሱን እየገፋ ይመለሳል። ስለዚህ ብርጭቆዎቹ ምንጊዜም ከነፋሱ ይዘገያሉ። ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው አየርላንዳዊው ቶማስ ሮምኒ ሮቢንሰን ነፋሱ የብርጭቆዎቹ ሦስት እጥፍ ነው፣ የክንዱ ርዝመትም ለውጥ አያመጣም ብሎ ነበር። ኋላ ሲፈተሽ እጥፉ እንደየአሠራሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሆኖ ተገኘ።

የራሳችሁን እጥፍ ራሳችሁ አውጡ። ነፋስ ጸጥ ባለበት ማለዳ፣ ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ፣ አንድ ትልቅ ሰው መለኪያውን በረጅም ዘንግ ከመኪናው አካል ራቅ አድርጎ ይያዝ። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዙሩን ቁጠሩ፤ ያንኑ መንገድ ተመልሳችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ከዚያ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ድገሙት። የመኪናውን ፍጥነት ለብርጭቆዎቹ ፍጥነት በአንድ መስፈሪያ ስታካፍሉት እጥፋችሁን ታገኛላችሁ። አንዱን ብርጭቆ ቀይ ብትቀቡት ቆጠራው ይቀላል። ተማሪ በመስኮት እንዳይወጣ! መሽከርከሪያው የእስክሪብቶ ቀፎ ከሆነ ደግሞ ሰበቃው ስለሚይዘው ቀላል ነፋስን ጭራሽ ላያሳይ ይችላል፤ ይህንንም ጻፉት።

መኪናም ብርጭቆም የሌለን ምን እናድርግ?

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ በ30 ሴንቲ ሜትር ክር በፕሮትራክተር መሐል ላይ አንጠልጥሉ። ነፋሱ ኳሱን ወደ ጎን ሲገፋው ማዕዘኑን ታነባላችሁ። ክሩ ከቀጥታ ቁልቁል 20 ዲግሪ ሲያዘነብል በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር፣ 40 ዲግሪ ሲሆን 29፣ 60 ሲሆን 41 ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ለባሕር ጠለል የወጡ ናቸው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ኳሱን እዚያው ማዕዘን ላይ ለማድረስ በ10 በመቶ ገደማ የፈጠነ ነፋስ ያስፈልጋል። ሠንጠረዡን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ተማሪዎች ለከተማቸው ቢያስተካክሉት፣ ለእኔ ከመለኪያው ይበልጥ ትምህርቱ እዚያ ላይ ነው።

ጋሼ፣ ሜዳ ላይ አቧራ እያዞረ የሚነሣው ነፋስ የአውሎ ነፋስ ምልክት ነው?

አይደለም ልጄ። ፀሐይ ያጋለችው መሬት ከላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ አየሩ ሽቅብ ሲወጣ የዙሪያው አየር እየተሽከረከረ ይገባል። ደመና አያስፈልገውም፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበተናል። ዐይንህን ጨፍን እንጂ አትሩጥ።

መለኪያውን ጣሪያ ላይ ብንሰቅለውስ?

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚለካው የጣሪያው ነፋስ ነው፤ አየሩ ሕንፃውን ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ይታጠፋል። ዓለም አቀፉ ልማድ 10 ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ ከመሰናክሉም ቁመቱን አሥር እጥፍ መራቅ ነው። ቁመቱ አራት ሜትር ከሆነ ክፍል 40 ሜትር መራቅ ማለት ነው። ይህ ስፋት ያለው ግቢ ጥቂት ነው። ከሌላችሁ የሜዳው መሐል ይበቃል፤ ብቻ ቦታውን አትቀያይሩ፣ ከፍታውን መዝግቡ።

ቴርሞሜትሩን ከፀሐይ የሚከልለው ሳጥን በር ወደ ሰሜን ይሁን ይላል መመሪያው። እንከተለው?

መመሪያው የተጻፈው ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምትታያቸው አገሮች ነው። አዳማ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በሩን በዚያ ወቅት ስትከፍቱት ብርሃኑ ቀጥታ ቴርሞሜትሩ ላይ ያርፋል። በሰሜንም በደቡብም በር አውጡለትና በጥላው በኩል ክፈቱ። ሳጥኑ ነጭ፣ ጎኖቹ አየር የሚያሳልፉ፣ ቴርሞሜትሩም ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ያለ ይሁን።

ልጄ በየቀኑ ቁጥር ይጽፋል። ስልኩ እየነገረው ለምን ይደክማል?

እመቤቴ፣ ስልኩ የሚነግረው በኮምፒውተር ለሰፊ አካባቢ የተሰላ ግምት ነው፤ እርስዎ ሰፈር ማንም ቆሞ አልለካም። ልጅዎ የስልኩን ቁጥር ከራሱ ቁጥር ጎን ይጻፍ። ሲለያዩ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ነፋስ እያለ አንዳንዱ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይን ለምን ይቆማል?

ጥገና ላይ ሊሆን ይችላል። አለበለዚያ ተርባይን ኃይል ማመንጨት የሚጀምረው በሰከንድ 3 ሜትር አካባቢ ነው፤ 25 ሜትር ገደማ ሲደርስ ደግሞ እንዳይጎዳ ራሱን ያቆማል። የአዳማ ቁጥር 1 ጣቢያ 34 ተርባይኖች፣ ቁጥር 2 ደግሞ 102 አሉት፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ነው። ድምሩን ለሰባተኛ ክፍል ስጡት፤ 51 እና 153 ማግኘት አለባቸው። ለ11ኛ ክፍል ግን የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ እንደሆነ አስረዱ፦ ከ5 ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ሲወጣ ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአለካክ ላይ የምትታይ ትንሽ ስሕተት እዚህ ላይ ትልቅ የምትሆነው ለዚህ ነው።

ለሁለተኛ ክፍል ሕፃናትስ?

መሣሪያ አትስጧቸው። ቅጠል ከተንሾካሾከ በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር፤ ቀላል ባንዲራ ከተዘረጋ ከ12 እስከ 19፤ አቧራና ወረቀት ከተነሣ ከ20 እስከ 28። ይህ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው የአየርላንዳዊው የቦፎርት መለኪያ ነው። ነፋሱ የሚጠራው በሚመጣበት አቅጣጫ መሆኑንም አብራችሁ አስይዟቸው።

የዝናብ መለኪያ ከሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል?

ይሠራል። አናቱን ቆርጣችሁ ገልብጡትና እንደ ማጥለያ ክተቱት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ በጠጠር ሙሉት፤ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ጨምሩና ዜሮ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቡ፤ እሑድንም ጭምር። እሑድ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን ከዘበኛው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።