መልስ፦ እድር የጥንት ነው ወይስ የከተማ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብተሽ «እድር የጥንት ነው? ሳንተዋወቅስ እንዴት እናቋቁም?» ብለሻል። ደቦ፣ ወንፈል፣ ማኅበር የቆዩ ናቸው። እድር ግን የከተማ ልጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከዘመድ ርቀው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች ናቸው ያጠናከሩት። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይበልጥ ተስፋፋ። ዘመድ ሩቅ ነው፤ ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም። እና አለመተዋወቃችሁ አያስጨንቅሽ፤ ድሮም የተፈጠረው ለእንደናንተ ዓይነቱ ነው።

ከብሎካችሁ ጀምሩ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ ደንቡን በጽሑፍ አድርጉት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ቀስ ተብሎ ይገዛል። የዕቃ ማስቀመጫውን ግን ቀድማችሁ አስቡበት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ድንኳን ተሸክሞ የሚወጣ የለም! እኛ ሰፈር የጡሩምባውን ሥራ ቴሌግራም ወስዶታል፤ አዛውንቶቹ እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።