የጁሱ ስም ሁሌ ወደ ካሜራ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማደንቃት ዘፋኝ አለች። አዲሱን ክሊፗን እዚሁ ሐይቅ፣ ውሃው ዳር እንደቀረጸችው ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ግን ረከቦቱ አጠገብ የጁስ ጠርሙስ አለ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ ጠርሙሱ ንቅንቅ አይልም፣ ስሙም ሁሌ ወደ ካሜራ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «ከልጅነቴ ጀምሮ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም» አለች። ጁሱ እኮ ገበያ ላይ ከወጣ ገና 2 ዓመቱ ነው! የአክስቴ ልጅ «ድሮስ ለብር አይደል የምትዘፍነው» እያለ ያበሽቀኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ያንን ጁስ ካልገዛችሁልኝ እያለ ያለቅሳል። ሞኝ ሆኜ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሞኝ አይደለሽም። ክሊፑን 3 ጊዜ አየሁት። ጠርሙሱን ስታነሳ ልብ በያት፣ አንገቱን በሁለት ጣት ነው የምትይዘው፣ ስሙ እንዳይሸፈን። የጠማው ሰው እንደዚያ አይዝም።

ብር መቀበሏን ግን አልቃወምም። ድሮ ካሴት ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ በነጻ ያያል፣ ታዲያ የካሜራውን፣ የተወዛዋዡን፣ የመኪናውን ማን ይክፈል? ደግሞስ የወሎ ልጅ ሆነሽ አዝማሪ ቤት የሚሆነውን ታውቂው የለ። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ያሞግሰዋል፣ ብሩም እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ማን እንደከፈለና ማን እንደተሞገሰ ቤቱ በሙሉ እያየ ነው። ስለዚህ ማንም ተታለልኩ አይልም።

በ2010 እ.ኤ.አ. ሌዲ ጋጋና ቢዮንሴ የሠሩት «ቴሌፎን» የሚባል ክሊፕ ነበር፣ ስልኩም፣ ሳንድዊች ላይ የሚቀባውም ስማቸው ፊት ለፊት የሚታይ። ብዙ ሰው ተናዶ ነበር። ጋጋ ፀጉሯን የጠቀለለችበት የዳይት ኮክ ጣሳ ግን አልተከፈለበትም፣ እናቷ ድሮ ታደርገው የነበረውን ለማስታወስ ነው ያደረገችው፤ ማናጀሯም የቱ እንደተከፈለበት የቱ እንዳልተከፈለበት ለይቶ ተናገረ። እኔ ከዘፋኝ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

ያንቺዋ ግን ልጅነቷን ነው የሸጠችው። ጠርሙሱን ማስቀመጥ ሥራ ነው፣ «ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም» ማለት ግን ውሸት ነው፣ ያውም ለሚወዳት ሰው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 እንኳ ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም ተለይቶ ይታወቅ ይላል።

ዘፈኗን መውደድሽን አትተዪ፣ ድምፅዋ የራሷ ነው። ክሊፑ ስር ግን በጨዋ ቃል «ተከፍሎሽ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ወንድምሽንም አስቀምጪና ጠርሙሱን እንዴት እንደያዘችው አሳዪው፣ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ በኋላም ካማረው ግዙለት።