ልጄ ማንን አርአያ ያድርግ?

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አለኝ። በቅርቡ መምህሩ ‹‹አርአያዬ የምለው ሰው›› በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፍ አዝዞት ስለ አበበ ቢቂላ ጻፈ። ባለቤቴ ድርሰቱን አንብቦ፣ ‹‹በዓይኑ ካላየው ሰው ምን ይማራል? ስለ አጎቱ ቢጽፍ አይሻልም ነበር?›› አለኝ። አጎቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ በአንድ የስፌት መኪና አራት ታናናሾቹን አስተምሯል። እኔ ግን ልጅ ከተራ ሰው ይልቅ ታዋቂ ሰው አይቶ ትልቅ ነገር ቢመኝ ይሻላል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ ባለቤትዎ አደላለሁ፤ ምክንያቴ ግን ከእሳቸው ትንሽ ይለያል።

ልጅዎ የጻፈለትን ሰው ራሱን እንውሰድ። አበበ ቢቂላ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለን፣ በ1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉ ነው። ይሁን እንጂ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው እንጂ የድሉ ምስጢር እዚያ ስለነበረ አይደለም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 40 ቀን ገደማ ብቻ አልፎት፣ ጫማ አድርጎ ሮጦ የሮሙን ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሽሏል። ዝና አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀብለን ለወሬ የሚመቸውን እንጂ ለመከተል የሚመቸውን አይደለም። በክቡር ዘበኛ ሳለ ከስዊድን ከመጣው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ያሳለፋቸው የልምምድ ቀናት ለልጅ ይበልጥ ይጠቅሙ ነበር፤ እነሱ ግን ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ፎቶግራፍ አይታዩም።

የአጎቱን ነገር ልጁ በየቀኑ ያየዋል። ደንበኛ ሲያስቸግረው ምን እንደሚመልስ፣ ለበዓል የታዘዘ ልብስ ለማድረስ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያመሽ፣ ደክሞትም ቢሆን የተበላሸ ስፌት ተርትሮ እንደገና እንደሚሰፋ ያውቃል። ሲቆጣና ሲሳሳትም አይቶታል፤ እንዲያውም ይህኛው ዋጋው ሳይበልጥ አይቀርም።

‹‹ተራ ሰው›› የሚለውን ቃል ግን ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ (ልብስ ሰፊው ቢሰማዎት ምን ይልዎት ይሆን!)። ዋናው ልዩነት በቅርብ ሰውና በሩቅ ሰው መካከል ነው፤ ታዋቂ ሰውም ቅርብ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከአርሲዋ በቆጂ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ አገር ሁሉ ዜናውን ሰምቷል፤ የበቆጂ ልጆች ግን የሰሙት እነሱ በሚሄዱበት መንገድ ስለሄደች ልጅ ነው። ለጥሩነሽ ዲባባማ የሥጋ ዘመዷ ነበረች። በዚያ ላይ በከተማዋ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበረ፤ ራሱ የኦሊምፒክ ሯጭ ያልነበረው ይህ ሰው ከአካባቢው ከወጡት ስመ ጥር አትሌቶች ብዙዎቹን ገና ማንም ሳያውቃቸው አሠልጥኗል። የደራርቱ ድል ‹‹ይቻላል›› አሰኝቶ ይሆናል፤ በማግስቱ ጠዋት ሜዳ ላይ ቆሞ ‹‹ድገሙት›› የሚል ሰው ባይኖር ግን ምኞቱ ብቻውን ሩቅ ባልወሰዳቸው ነበር።

ለባለቤትዎም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አጎትየው በምሳ ሰዓት ሁሉ እየተጠቀሰ ‹‹እሱ በአንተ ዕድሜ…›› የሚባል ከሆነ፣ አርአያነቱ ቀርቶ መውቀሻ ይሆናል። ብዙዎቻችን ‹‹የእገሌን ልጅ አታይም?›› እየተባልን አድገን፣ ምንም ያላጠፋውን የእገሌን ልጅ ስንጠላ ኖረናል።

ስለዚህ ድርሰቱን እንደገና እንዲጽፍ አያስገድዱት፤ አበበም ከድርሰቱ አይውጣ። ከተቻለ ግን በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቅዳሜዎች ልጁ አጎቱ ሱቅ ይዋል፤ ክር ያቀብል፣ ቁልፍ ይትከል። ማታ ሲመለስም ምን እንደተማረ ሳይሆን ምን እንዳየ ይጠይቁት።