መልስ፦ የንባብ ዕቅዱ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ለቆመብህ

ወንድሜ፣ በዓመት 12 መጽሐፍ ለማንበብ ጀምረህ ሦስተኛው ላይ የቆምከው በስንፍና አይመስለኝም፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። የቆምክበት ልብ ወለድ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በቀን 20 ገጽ ብታነብ እንኳ ወር ሊሞላህ ነው። ከፊቱም ከኋላውም የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል አድርግ።

ያነበብኩት ይጠፋብኛል ላልከው፣ ታሪኩን አታጠቃልል። ያናደደህን ወይም ያሳቀህን ቦታ ብቻ በዚያው ቀን በሁለት መስመር ጻፍ። የገጽ ቁጥር በየኅትመቱ ሊለያይ ስለሚችል ምዕራፉንና የኅትመቱን ዓመት አብረህ መዝግብ፤ አለዚያ ሌላ ቅጂ ስትዋስ ቦታው ይጠፋሃል። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ አታስምር፣ አደራ! ብጣሽ ወረቀት ይበቃል።

50 ገጽ አንብበህ ካልያዘህ ተወው፤ ግን ለምን እንዳልያዘህ ጻፍ። ቀጣዩን ለመምረጥ ከሙገሳው ይልቅ የሚጠቅምህ እሱ ነው።