መልስ፦ ለእንቁጣጣሽ ሱሉልታ ወጥተን አደይ አበባ ያጣነው ለምንድን ነው?

ቀኑ ቀደመብዎት እንጂ ቦታውስ አላሳሳተዎትም። መስከረም 1 ላይ ደጋው ገና ከክረምቱ አልተላቀቀም፤ አደይ እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል እንጂ ሜዳውን አይሸፍንም። ከመስቀል ማግስት፣ ከመስከረም 18 ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ልጆቹን ይዘው ያንኑ መንገድ ይድገሙት።

እንጦጦን ግን ለአበባ ብለው አይምረጡ። ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አደይ እምብዛም አይገኝም፤ የሚወደው ፀሐይ የሚያገኘውን የእርሻ ድንበር፣ የመንገድ ዳርና ያልታረሰ ገላጣ መስክ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይድረሱ። ጤዛው ሳይረግፍ የሚታየው ቢጫ ሌላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የክረምቱ ርዝራዥ ዝናብ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። መሬቱ ከላይ ደርቆ ይታያል፣ ከሥሩ ግን የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ነው። አምና መኪናዬን ከአስፋልቱ ወደ ሣሩ አሥር እርምጃ ያህል ባስገባ ጎማው ሰጥሞ ግማሽ ቀን ቆሜአለሁ፤ ያወጡኝ አረም ላይ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው፣ እየሳቁብኝ። መኪናዎን ጠንካራ መሬት ላይ ይተዉና ለልጆቹ ቦቲ ጫማ አድርገውላቸው በእግር ይግቡ። ሰብል የተዘራበትን ማሳ እንዳይረግጡም አስቀድመው ይንገሯቸው።