መልስ፦ ስብከቱን ቤቴ ሆኜ ብሰማ አይበቃም ወይ?

ወንድሜ፣ «ስብከቱን በዩቲዩብ እሰማለሁ፣ ብቻዬንም እጸልያለሁ፤ ታዲያ ቸርች መሄድ ለምን ያስፈልጋል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ዓመት ያህል እንደዚያው ነበርኩ። ተቀይሜ ነው የቀረሁት፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ስብከት አላጣሁም፤ እንዲያውም ከበፊቱ አብዝቼ ሰማሁ። ያጣሁት የሚጠይቀኝን ሰው ነው። ዩቲዩብ «ፊትህ ጠቁሯል፣ ምን ሆነህ ነው?» አይልህም። አንድ ሐሙስ ማታ የቤት ኅብረት ልጆች ጎትተው ወሰዱኝ። ስድስት ሆነን ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። ሻይ በፔርሙዝ፣ አምባሻ በትሪ። ልጸልይ አፌን ስከፍት ቃል ጠፋኝ። አጠገቤ የነበሩት አባት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው የጀመርኩትን ጨረሱልኝ።

የደርግን ጊዜ ደግሞ አስብ። መሠረተ ክርስቶስ የተባለችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም በመንግሥት ተዘጋች። አዳራሽ የለ፣ ማይክ የለ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ በድብቅ ይገናኙ ነበር። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት፣ በ1983 ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። ለብቻ መጸለይ እኮ ያኔ ይቀል ነበር፤ አያሳስርም። ግን አልመረጡትም። ዕብራውያን 10፥25 ላይ መሰብሰብን አትተዉ የተባሉትም መከራ ያዩ ሰዎች ናቸው።

ሰው ያስቀይማል፣ አልዋሽህም። ትልቁ አዳራሽ ከከበደህ በትንሽ የቤት ኅብረት ጀምር። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ። ብቻ ካሜራ አጥፍተህ በዙም አትግባ።