ጥያቄና መልስ፦ ክረምትም በጋም ልጆችን ይዞ መውጣት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ሦስቱም የመጡት ከመሐል አዲስ አበባ ሲሆን ጸሐፊዎቹ እናቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን የአሥራ አንድ፣ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቼ ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት አንነሣም ብለዋል። ይዣቸው ልውጣ ስል የባለቤቴ እናት «በዚህ ብርድ ልጆቹን ልትጨርሻቸው ነው ወይ?» እያሉ ይከለክሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨክኜ ብወጣም ዝናብ ይዞን ከመንገድ ተመለስን። ገንዘቡም ያሳስበኛል፤ የአራት ሰው ታክሲ፣ መግቢያና ምሳ ሲደመር የሳምንት አስቤዛ ይሆናል። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ቤት መቀመጥ ይሻለን ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቤት ከመቀመጥ ይልቅ የመውጫውን ሰዓት መለወጥ ይሻላል። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ የራሱ ጠባይ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ሰማዩ ይከፈታል፣ ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች ስትሄድ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣና ወደ ቀትር ሲጠጋ ደመናው ይከመራል፣ ከሰዓት በኋላም ይወርዳል። እናንተን ያገኛችሁ ዝናብ በዚያ ሰዓት ከቤቱ የወጣውን ሁሉ የሚያገኝ ነውና እንደ ክፉ ዕድል አይቁጠሩት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወጥታችሁ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሳችሁ አብዛኛውን ቅዳሜ በደረቅ ልብስ ትገባላችሁ። በሐምሌ ከንጋት እስከ ምሽት ሲያካፋ የሚውልበት ቀን መኖሩ አይካድም፤ ያ ቀን የቤተ መጻሕፍት ቀን ይሁን። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእናንተ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ትልቁ ልጅዎ እያነበበ ትናንሾቹ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ቢያገላብጡ የታክሲ ወጪ እንኳ የለበትም።

አማትዎ የሚሉትን በንቀት አላልፈውም፤ የረጠበ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ የቆመ ልጅ እንደሚታመም ከእኔና ከእርስዎ በላይ ያውቃሉ። ሆኖም የከተማችን ብርድ የሚበረታው በክረምት ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ በክረምት ሌሊት ሙቀቱን ይይዝላታል፣ በበጋ ግን ሰማዩ ባዶ ስለሚሆን ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊቱን አሟጣ ትለቀዋለች። ስለዚህ በነሐሴ ማልዶ መውጣት፣ በኅዳር ደግሞ ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ መቆየት ይገባል። ይህን ለእማማ በእርጋታ ቢያስረዷቸው፣ ከተቻለም አንድ ቀን ይዘዋቸው ቢወጡ፣ ክርክሩ የሚቀል ይመስለኛል።

ገንዘቡን በተመለከተ የምሰጥዎ ምክር ለአንዳንድ አንባቢ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፦ አዲስ ቦታ አይፈልጉ። አንድ ቦታ ይምረጡና በዓመት አራት ጊዜ ይመላለሱበት። ልጅ አንድን ቦታ መጀመሪያ ሲያይ የሚያየው ቦታውን ብቻ ነው፤ በሌላ ወቅት ሲመለስ ግን «ባለፈው እዚህ ውኃ ነበር፣ የት ሄደ?» ማለት ይጀምራል፤ ጥያቄው ከእርሱ ከመጣ ደግሞ ስልኩ ለጊዜውም ቢሆን ይረሳል። ትልቅ ገንዘብ ወጥቶባቸው በዓመት አንዴ የሚደረጉ ሽርሽሮች ከፎቶግራፍ ሌላ ምን እንደሚያተርፉ እኔ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

እኔ የመረጥሁት እንጦጦን ነው። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ በሚኒባስ ታክሲ ይደረሳል፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ከአራት ኪሎ ይልቅ የሚበርድ ስለሆነ አንድ ሹራብ መጨመር ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ገንዘብ የሚጠይቁ መጫወቻዎች ስላሉት ዛሬ የሚከፈልበት ነገር እንደማይኖር ገና ከቤት ሳትወጡ ከልጆቹ ጋር ተስማሙ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚደረግ ድርድር እናትን አሸናፊ አያደርግም።

ወቅቶቹን ስንቆጥር ብዙዎቻችን መስከረምን «ጸደይ» ማለት ለምደናል፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ደግሞ ጸደይ ነው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይሆናል። ስለዚህ እንቁጣጣሽና መስቀል ራሳቸው የሚውሉት ገና በክረምቱ ውስጥ መሆኑን ለትልቁ ልጅዎ ቢነግሩት ይገረማል፤ የእኔዋ ልጅ አላምንም ብላ የመምህሯን ምስክርነት ጠይቃለች።

በነሐሴ ጠዋት እንጦጦ ላይ ከጭጋጉ የተነሣ ከተማይቱ አትታይም። የሚታየው ጭቃና ውኃ ስለሆነ ስለ ውኃው ይንገሯቸው። የእንጦጦ ሸንተረር ውኃን ለሁለት የሚከፍል ነው፤ ወደ ደቡብ የወረደው ዝናብ በቀበናና በመሰሎቿ ወንዞች አድርጎ አቃቂን፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ወደ ሰሜን የወረደው ግን ዓባይን ተቀላቅሎ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። መካከለኛው ልጄ ይህን በሰማ ጊዜ በሁለት እጁ ውኃ ዘግኖ አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ደፍቶ «ይኼኛው ግብፅ ሄደ» ካለ በኋላ ከዚያ ቦታ ለማንሣት ተቸግረን ነበር። በማግሥቱ የሰፈራችሁን ወንዝ ከድልድይ ላይ ሆናችሁ ብታዩት ወሬው ይቀጥላል። ወደ ወንዙ ዳር ግን አትውረዱ፤ እታች ፀሐይ ሆኖ እላይ እንጦጦ ከዘነበ ውኃው በድንገት ይሞላል።

በመስከረም መጨረሻ ስትመለሱ አደይ አበባው ፈንድቶ፣ አየሩም ከአቧራ ታጥቦ ስለሚቆያችሁ እነ የረርና ፉሪ፣ ሰማዩ ጥርት ካለም ዝቋላ ድረስ ይታያሉ። በጥር ሣሩ ደርቆ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል፤ ዛፉ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ እንደሆነና በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተተከለው ከተማይቱ ማገዶና የቤት እንጨት ስላጠራት መሆኑን የምትነግሩበት ጊዜ ይህ ነው። በሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ ጣል ሲያደርግ፣ የአፈሩ ሽታ ብቻ ይበቃል።

የራሴንም ስሕተት ልናገር። አንድ የነሐሴ ቀን ጓዳ ውስጥ ስንጎዳጎድ ረፍዶብኝ ከአምስት ሰዓት በኋላ ወጣንና ገና ከመድረሳችን በረዶ ወረደብን። ልጆቹ ከዛፍ ሥር ሊጠለሉ ሲሮጡ መብረቅ ፈርቼ እየጮህሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አስገባኋቸው። ዝናቡ አልጎዳንም፤ የጎዳን መለወጫ ካልሲ አለመያዜ ነው፤ ታክሲ ስንጠብቅ እግራቸው በረጠበ ጫማ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆየና ትንሿ ሦስት ቀን ተኛች። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥንድ ካልሲ በፌስታል ታስሮ ከቦርሳዬ አይለይም። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ፣ በፔርሙዝ ደግሞ ሻይ ይበቃል፤ በመንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እሸት መግዛት እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ የምንኖረው ስድስት ኪሎ ነው። በመጪው ዓመት ደመራንና ጥምቀትን ላሳየው ፈልጌ ባለቤቴ «በዚያ ግፊያ ውስጥ ልጅ አይወሰድም» አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባለቤትዎ ስለ ግፊያው፣ እርስዎ ደግሞ ስለ በዓሉ ትክክል ናችሁ። መስከረም 16 አመሻሽ ላይ መስቀል አደባባይ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚያሳየው የሰው ወገብ ነው፤ እሳቱ ሲለኮስም እርሱ ደክሞት ተኝቷል። በየአጥቢያውና በየሰፈሩ የሚለኮሰውን ትንሹን ደመራ ይምረጡ፤ እዚያ ችቦውን ራሱ ይይዛል፣ ጎረቤቱን ያውቃል፣ ሲሰለቸው ቤቱ ቅርብ ነው።

ለጥምቀትም ቢሆን እናንተ ለጃን ሜዳ ቅርብ በመሆናችሁ ሜዳው ውስጥ መግባት ግድ አይላችሁም። ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ ወደ ኋላ መሸሻ ባለበት ቦታ መቆም ይበቃል። በጥር 11 ካልተመቻችሁ በጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ መሸኘት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። በከተራ ዕለት ትልቁ ልጄ ጠፍቶኝ ነበር። ነጭ ለብሶ ነበርና ነጭ በለበሰ ሕዝብ መካከል ነጭ የለበሰ ልጅ ስፈልግ ያሳለፍሁት ሩብ ሰዓት ዛሬም ያንቀጠቅጠኛል፤ በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ የማላውቃቸው አባት እሽኮኮ ብለው ትከሻቸው ላይ አስቀምጠውት «እናቱ የት አለሽ?» እያሉ ሲጣሩ ነው። ስለዚህ የአገር ልብሱን አልብሰው ቀይ ወይም ብርቱካናማ ኮፍያ ያድርጉለት፤ የእርስዎንና የአባቱን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ኪሱ ውስጥ ይስፉበት። ከጠፋም ባለበት እንዲቆም እንጂ እናቱን ፍለጋ እንዳይሄድ አስቀድመው ያስጠኑት።

በበዓላት መካከል ልጅን ከቤት የማላወጣበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማችንን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የቀረው ቆሻሻ ማቃጠልና ማጠን ሰማዩን በጭስ ስለሚሞላው፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ያን ዕለት መስኮት ዘግቶ ቢውል ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ልጆቼን ከፒያሳ ብሔራዊ ሙዚየም ወስጃቸው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «እንሂድ» አሉኝ። ጥፋቱ የልጆቹ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ምናልባት ሁሉንም ፎቅ ሊያሳዩአቸው ፈልገው ይሆናል። ልጅ በአንድ ቀን የሚይዘው አንድ ነገር ነው። ሰፈራችሁ እንኳ በአንድ ጉብኝት አያልቅም፤ የምኒልክን ሐውልት ብቻ አይተው፣ በ1923 ዓ.ም. ቆሞ በኋላ ጣልያን አንሥቶ እንደቀበረው፣ ከነፃነት በኋላም ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ቢነግሯቸው አንድ ጠዋት ይበቃዋል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያውን ለሌላ ሳምንት ያቆዩት።

ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ስትመለሱ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ሂዱ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች መሆኗን ለትልቁ ይንገሩት፤ ለትንሹ ግን ቁጥሩ ምንም አይለውም። ለእርሱ የሚነግሩት ቁመቷን ነው፦ 1.10 ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአምስት ዓመት ልጅ ያህል። የሚታየው ቅጂ መሆኑን፣ እውነተኛው አጥንት ግን በጥንቃቄ ተቀምጦ እንደሚጠበቅም አይደብቋቸው፤ ልጆች ምስጢር ያለበትን ነገር ይወዳሉ። ከዚያ ሌላውን ሳያዩ ውጡ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ሩጡ፣ ወደ ቤት ሂዱ።

እኛ ቤት፣ የመኝታ ክፍሉ በር መቃን ላይ የልጆቹን ቁመት በእርሳስ የምናሰምርበት ቦታ አለ፤ በ1.10 ሜትር ላይ በቀይ የተሠመረው የድንቅነሽ ነው። ትንሿ ልጄ ባለፈው ጥቅምት በሁለት ጣት አልፋታለች።